ጆሮ ብቻውን አያስተምርም

የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ በቋንቋው ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። በአማርኛችን አንድ ሕፃን ጠባዩ ያማረ፥ ለወላጆቹ የሚታዘዝ የሆነ እንደ ሆነ «ሰሚ ልጅ» ይባላል፤ እንቢተኛ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ «አይሰማም» ተብሎ ይከሰሳል። መስማትና መታዘዝ በአንድ ቃል ተጠቃለው ይነገራሉ ማለት ነው። ከዚህም አልፎ ብርዱም፥ ሕመሙም፥ ደስታውም፥ ኀዘኑም ሁሉ «ይሰማናል»፤ የሰውነትን በሮች በአንድነት የምንጠራበት «ስሜት» የሚለውም ቃል የተገኘው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ዘንድ ጆሮ የሌሎቹ ሕዋሳት ሁሉ አለቃ ሆኖ ተሹሟል።

ስለ ዐይንና ስለ እጅ የምንናገረው ግን ሌላ ነው። በታላቅ ሰው ፊት የማያቀረቅረውን «ዐይነ አውጣ» ወይም «ዐይነ ደረቅ» እንለዋለን። ያገኘውን ሁሉ እያነሣ የሚመረምረውን ሕፃን «እጁ አያርፍም» ብለን እንቈጣዋለን። የሚጠይቀውና የሚመልሰው የበዛ እንደ ሆነ «ምላሰኛ» ተብሎ ይገሠጻል። በቤት ሥራ ልካፈል ብሎ ወደ ቡሖው የቀረበ እንደ ሆነም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ይጠቀስበታል። ጆሮ ሲመሰገን ዐይን፥ እጅና ምላስ በጥርጣሬ ይታያሉ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ሊቃውንት ትተን ባለፍነው ነበር። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በተሻገረ ጊዜ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ይሆናል። ይኸውም፦ ሕፃንን ትምህርት ስናስጀምረው አስቀድመን ልናስለምደው የሚገባን ሌላው የተናገረውን መቀበል ነውን? ወይስ ራሱ ያየውን፥ የዳሰሰውንና የቀመሰውን በእውነት መናገር? ሁለቱስ ሳይጣሉ አብረው ሊኖሩ ይችላሉን?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከጐንደር ከተማና ከሰሜን ጐንደር ደጋ የተሻለ ሥፍራ ለማግኘት ያስቸግራል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ካቆሙባት ጊዜ ጀምሮ ጐንደር የሊቃውንት ከተማ ሆና ኖራለች። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየው በእርስዋ ነው፤ ባዕታ ለማርያምም በአቋቋም ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች የመጀመሪያው የትምህርት መሣሪያ ጆሮ ነበር። ብራና ውድ፥ መጽሐፍም ብርቅ በነበረበት ዘመን የተማሪው መጽሐፍ ቤት የገዛ ልቡ ነበርና፤ መምህሩ የተናገረውን በጆሮው ተቀብሎ፥ በአፉ ደጋግሞ፥ በልቡ ያኖረው ነበር። ከመዝሙረ ዳዊት ጀምሮ አያሌ ንባብ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ብርቅ አልነበረም። በጆሮ የተገኘውን ይህን ቅርስ የሚንቅ ሰው የአባቶቹን ድካም የማያውቅ ነው።

ነገር ግን ይኸው ጥንታዊ ትምህርት ቤት ከፍ ወዳለው ደረጃ በደረሰ ጊዜ ጆሮን ብቻውን አልተወውም። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያ ይዞ፥ ጽናጽል እየጸነጸለ፥ ከበሮ እየመታ በእግሩና በትከሻው ካልተማረ በቀር ዐወቀ አይባልም። የጽሕፈት ተማሪም ቆዳ መፋቅን፥ ብራና መዳመጥን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ ብርዕ መቅረጽን በእጁ ይማራል፤ ብራናው የበቃ መሆኑን የሚያውቀው በመዳፉ እየዳሰሰ ነው። ከጐንደር በስተ ደቡብ በምትገኘው በእንፍራንዝ በ17ኛው መቶ ዓመት ይኖር እንደ ነበር የሚነገርለት ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብም፥ በስሙ የሚጠራው ሐተታ እንደሚተርከው፥ እንጀራውን የሚያገኘው በእጁ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የሐተታው ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ነገር ግን ሰው ከሌላው የተቀበለውን ሁሉ በገዛ አእምሮው መመርመር ይገባዋል የሚለው ሐሳቡ ከያዝነው ጥያቄ ጋር የተገናኘ ነው።

ስለዚህ እጅና ዐይን ለትምህርታችን እንግዶች አይደሉም። ችግሩ ለታላላቆች ተፈቅደው ለሕፃናት የተከለከሉ መሆናቸው ነው።

በዛሬው ጊዜ የሚታየውን እንመልከት። በ2002 ዓ.ም. ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሕፃናት የሚማሩበት «ዜሮ ክፍል» በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። በነዚህ ክፍሎች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ናቸው። ታዲያ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እንዴት ነው? መምህሩ በሰሌዳው ላይ ዐይንና ጆሮ ይሥላል፤ «ዐይን ለማየት፥ ጆሮ ለመስማት፥ አፍንጫ ለማሽተት» ይላል፤ ሕፃናቱም እጃቸውን አጣምረው በአንድ ድምፅ ይከተሉታል። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን አስተውለው። ስለ አምስት ሕዋሳት የሚሰጠው ትምህርት በአንዱ በጆሮ ብቻ ይገባል! ስለ ማሽተት የሚማረው ሕፃን ምንም አላሸተተም፤ ስለ መዳሰስ የሚማረውም እጁን እንዳያንቀሳቅስ ታዟል።

ይህ የሚሆነው በመምህራን ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። የተማሪው ብዛት፥ የመሣሪያው ማነስና የመምህሩ ሥልጠና አጭር መሆን ብርቱ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በስተ ኋላ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም በእጅ የሚደረገው ሁሉ ጨዋታ ነው፥ ቁም ነገር የሚገኘው በቃል ነው የሚለው የቈየ ፍርዳችን ነው። ይህ ፍርድ ሳይታረም የትምህርት መሣሪያ ቢገዛ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጣል።

እንግዲህ በእጅና በዐይን መማር ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። መምህርት ሎሚ ቈርጣ ለሕፃናቱ ሰጠች እንበል። ሎሚ ኰምጣጣ መሆኑን ሁሉም ከቤታቸው ያውቃሉና «ኰምጣጣ ነው» ብለው ይጮኻሉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን «መራራ ነው» ይላል። በዚህች ደቂቃ መምህርቲቱ በሁለት መንገዶች መካከል ትቆማለች። «ተሳስተሃል፥ ሎሚ ኰምጣጣ ነው» ያለችው እንደ ሆነ ሕፃኑ ይታረማል፤ ጓደኞቹ ያሉትንም ይደግማል። የተማረው ግን ስለ ሎሚ አይደለም። የተማረው ምላሱ የነገረውን ትቶ ማኅበሩ የሚወደውን መናገር እንደሚበጅ ነው። ይህም ስሙ ሲጠራ ሐሰት ነው።

«የትኛውን ክፍል ነው የቀመስኸው?» ብላ የጠየቀችው እንደ ሆነ ግን ሌላ በር ይከፈታል። ሕፃኑ የነከሰው ልጣጩን ነበር። ሌሎቹም ልጣጩን ይቀምሱና በእርግጥ መራራ ሆኖ ያገኙታል፤ እርሱም ውሃውን ይቀምስና ኰምጣጣነቱን ይመሰክራል። ሁለቱም ወገን እውነት ተናግረዋል፤ ሁለቱም ሙሉውን አላወቁም ነበር። የጐንደር የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ መንገድ የሚያዩበትን ልማድ፥ ሕፃኑ በአንዲት ሎሚ ተማረው ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ያለው ቁም ነገር ትልቅ ነው። የዛሬው ሕፃን ነገ በፍርድ አደባባይ ለምስክርነት ይጠራል። በዚያን ጊዜ ዳኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፦ ይህን በዐይንህ አይተሃልን? በጆሮህስ ከአድራጊው ሰምተሃልን? ወይስ ሰው ነግሮህ ነው? ብሎ ነው። ያዩትንና የተነገራቸውን ለይተው መናገር የማይችሉ ምስክሮች ስንቱን ንጹሕ ሰው አስረዋል! ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አያበቃም። በ1947 ዓ.ም. በጐንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተቋቋመው ሕመምተኛን በዐይናቸው መርምረው፥ በእጃቸው ዳስሰው፥ የልቡን ትርታ አዳምጠው ያገኙትን በእውነት የሚጽፉ ሰዎችን ለማሠልጠን ነበር። ያየውን ሳይሆን አለቃው የሚጠብቀውን የሚጽፍ ሐኪም ሕመምተኛውን ይጎዳል፤ እንደዚሁ የሚያደርግ ጸሐፊም መሥሪያ ቤቱን ያሳስታል። ይህን ልማድ ሰው በሠላሳ ዓመቱ አይጀምረውም፤ ሥሩ የሚተከለው በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ሕዋሳት ያሳስታሉ፤ ሕፃንም ያልበሰለ ነው፤ የታላቁን ቃል ትቶ የገዛ ዐይኑን እንዲያምን ካስተማርነው ትዕቢተኛ ይሆናል የሚሉ አሉ። በእርግጥም ሕዋሳት ያሳስታሉ። ነገር ግን ይህን ራሱን ለሕፃን የሚያስተምረው ከሕዋሳት የተሻለ መምህር የለም። ሦስት ሳሕኖች ይቅረቡ፤ በአንዱ ቀዝቃዛ፥ በሁለተኛው ለእጅ የሚስማማ ሙቅ፥ በመካከለኛው ለብ ያለ ውሃ ይደረግ። ሕፃኑ አንድ እጁን በቀዝቃዛው፥ ሌላውን በሙቁ ጥቂት አቈይቶ ሁለቱንም ወደ መካከለኛው ያግባ። ያው አንዱ ውሃ ለአንዱ እጅ ሙቅ፥ ለሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይገኛል። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቆመች ስንደዶ ለዐይን የተሰበረች ትመስላለች፤ በጣት ሲዳስሷት ግን ቀጥ ያለች ናት። ቀረፋ ያለበት ሻይ አፍንጫን ይዘው የጠጡት እንደ ሆነ ስኳሩ እንጂ ቀረፋው አይታወቅም፤ አፍንጫ ሲለቀቅ ወዲያው ይታወቃል፤ ጣዕም የምንለው ብዙው ነገር በእርግጥ ሽታ ነውና።

ይህን በገዛ ሰውነቱ የተረዳ ሕፃን አይታበይም። ይልቁንም አንዱ ሕዋስ የመሰከረውን በሌላው ማረጋገጥ፥ የራሱንም ምስክርነት ከጓደኛው ጋር ማስተያየት እንደሚገባ ይማራል። ትሕትና ማለት «እኔ ምንም አላውቅም» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ያየሁት ይህ ነው፤ ከየት ቆሜ እንዳየሁትም እነግራችኋለሁ» ማለትም ትሕትና ነው።

ለታላላቆችም ቢሆን መመርመሩ ይበጃል። ጣፋጩ በምላስ ጫፍ፥ መራራው በምላስ ሥር ብቻ ይታወቃል የሚለው ሥዕል ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ታትሞ፥ ለብዙ ተማሪዎችም ተነግሯል። ሥዕሉ ግን ስሕተት ነው፤ ጣዕምን የሚለዩት ሕዋሳት በምላስ ላይ በየሥፍራው አሉና ሁሉም ጣዕም በሁሉም ዘንድ ይታወቃል። ጥቂት ማር በምላሱ ሥር ያኖረ ማንኛውም ተማሪ ይህን ሊያውቀው ይችል ነበር። ሕዋሳት አምስት ብቻ ናቸው የሚለውም ቍጥር ከግሪካዊው ፈላስፋ ከአርስጣጣሊስ የወረስነው ነው፤ የዛሬ ሊቃውንት ሚዛን መጠበቅንና የገዛ አካልን አኳኋን ማወቅን በተጨማሪ ይቈጥራሉ። ሕፃኑ ዐይኑን ጨፍኖ በአንድ እግሩ ቢቆም ስድስተኛውን ሕዋስ ራሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛው የግብረ ገብ ምክንያት ስለ እጅ ክብር ነው። ከጐንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎች በፊት አያሌ ቤተ እስራኤል ይኖሩባት ነበር። ቤተ እስራኤል በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ብቻ ሳይሆን፥ በጐንደር ነገሥታት ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነትም ማገልገላቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ማሰሮውን የሚገዛው ሕዝብ ማሰሮ ሠሪዋን «ቡዳ» ይላት ነበር፤ «ባለ እጅ» የሚለውም ቃል እንደ ስድብ ይነገር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኞችን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ነገር ግን አዋጅ አንደበትን ይከለክል ይሆናል እንጂ ልብን አይለውጥም።

ልብ የሚለወጠው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ሕፃን ጭቃ ተሰጥቶት ትንሽ ጽዋ ለመሥራት ይሞክር። ጭቃው በጣም የረጠበ እንደ ሆነ ይፈሳል፤ የደረቀ እንደ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ይወድቃል። ሕፃኑ በዚህ ጊዜ የመዳሰስን ሕዋስ ብቻ አይማርም፤ እናቱ ወጥ የምትሠራበት ድስት ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ በጣቶቹ ይረዳል። ጣቶቹ ይህን ካወቁ በኋላ ሸክላ ሠሪዋን መናቅ ያስቸግረዋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ስለ ራት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ልጁ ግን እውነት አይደለም። ቡሖው ባይበቃም ቡኪው አስተምሮታልና።

ሕዋሳትን ማሠልጠን ሲባል ግን ሥርዐት የለውም ማለት አይደለም። የማያውቁትን ቅጠል መቅመስ ሞት ሊያመጣ ይችላል፤ ባቄላ በአፍንጫው ወይም በጆሮው የከተተ ሕፃንም ለሐኪም ይዳረጋል። መምህሩ የሚቀመሰውንና የሚዳሰሰውን አስቀድሞ ሊመርጥ ይገባዋል። የታላቅ ሰው ቃልም ተገቢ ሥፍራውን የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው፤ ሕፃኑ እሳትን በመንካት እንዲማር አንተወውም። መታዘዝና መመርመር አብረው ሊኖሩ ይችላሉን? ለተባለው ጥያቄም መልሱ ይህ ነው፤ ታላቁ ድንበሩን ያበጃል፥ በድንበሩ ውስጥ ግን የሕፃኑን ምስክርነት ያከብራል።

ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ የጎደሉበት ሕፃንም ሊረሳ አይገባም። እንዲያውም የእጅን ትምህርት ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የገለጠችው እንዲህ ያለች ሕፃን ናት። አሜሪካዊቷ ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1880 ተወልዳ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት በሕመም ምክንያት ማየትም መስማትም ተሳናት። በ1887 መምህርቷ አን ሱሊቫን አንዱን እጇን ከሚፈሰው ውሃ በታች አድርጋ በሌላው እጇ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣቷ በምልክት ነገረቻት፤ ሕፃንዋም ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው በዚያች ሰዓት ተረዳች። በአገራችንም ዐይናቸው የማያይ የቅኔና የዜማ መምህራን አያሌ ነበሩ። እንግዲህ አንዱ በር በተዘጋ ጊዜ በሌላው የሚገባ ትምህርት አለ፤ በጆሮ ብቻ የምናስተምር ከሆነ ግን መስማት የተሳነውን ሕፃን በደጅ አቁመነዋል።

መሣሪያ የለንም የሚለውስ? ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮማ የድኾች ሠፈር የሕፃናትን ቤት በከፈተች ጊዜ ለዐይን፥ ለእጅና ለጆሮ የተለዩ መሣሪያዎችን አዘጋጅታ ነበር። ለእኛ ግን ብዙው በየገበያውና በየሜዳው ተዘርግቷል። በጐንደር ቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ፥ ድንብላል፥ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ በጥቂት ገንዘብ ይገኛሉ፤ በየጨርቁ ተቋጥረው ለአፍንጫ ትምህርት ይበቃሉ። ጨው፥ ማር፥ ሎሚና ጌሾ ለምላስ ናቸው። ገብስ፥ ጤፍ፥ ተልባ፥ ጥጥና የበግ ጠጕር በአንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው ሕፃኑ ሳያይ በእጁ ይለያቸዋል። በዳባት፥ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ የሚኖር ሕፃን ደግሞ ጦስኝ በደጁ ያሸታል፤ የጅብራን ግንድ ይዳስሳል፤ ደረቱ ቀይ የሆነውን የጭላዳን መንጋ በዐይኑ ይቈጥራል፤ ድምፁንም ከዝንጀሮ ድምፅ ይለያል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ የከተማ ሕፃንም በጣሪያው ላይ ከተሣሉት መላእክት ዐይኖች ፊት ለፊት ቆሞ፥ ሁሉም ወዴት እንደሚመለከቱ ራሱ ይናገር። የጐደለው መሣሪያው ሳይሆን ለመሣሪያው የምንሰጠው ክብር ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የመርሐ ግብሩ ተቈጣጣሪ ወደ ዜሮ ክፍል በገባ ጊዜ ሕፃናቱ ምን ያህል በቃላቸው እንደያዙ ብቻ አይጠይቅ፤ በዚያ ሳምንት ምን እንደ ዳሰሱ፥ ምን እንዳሸተቱ፥ ከመካከላቸውም ከሌሎቹ የተለየ ነገር የተናገረ ሕፃን እንደ ነበረና መምህሩ ምን ብሎ እንደ መለሰለት ይጠይቅ። መምህሩም «አየሁ»፥ «ሰማሁ»፥ «ነገሩኝ»፥ «መሰለኝ» የሚሉትን አራት ቃላት ሕፃናቱ ለይተው እንዲናገሩ ያስለምዳቸው። እነዚህን አራት ቃላት ለይቶ የሚናገር ሕዝብ በሐሜት አይናወጥም፤ ሐሰተኛ ምስክርም በቀላሉ አይገዛውም።

ሰሚ ልጅ መልካም ልጅ ነው፤ አባቶቻችን በዚህ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የሰማውን በዐይኑ የሚያይ፥ ያየውን በእጁ የሚዳስስ፥ የዳሰሰውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚናገር ልጅ ከሰሚም የበለጠ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ቃሉ ይታመናል።